ብዙነህ የላካቸው ሽማግሌዎች

አርችዌይ፣ ለንደን
ግንቦት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

ውድ ተክለአብ፣

አስቀድሜ የማውቀውን በቅደም ተከተል ልጻፍልህ፤ የማላውቀውን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ።

ሚያዝያ 13፦ አሜሪካ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመትህን ሳትጨርስ፣ የቅርጫት ኳስ ክለቦች አዲስ ተጫዋች ለሚመርጡበት ድራፍት ስምህን አስገባህ። «ልኬን ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ካልሆነ እመለሳለሁ» አልከን።

ግንቦት 5፦ አንድ ክለብ ለሙከራ የጠራህ ቀን ከአፈር ምሕንድስና ፈተናህ ጋር ተጋጨ። ወደ ሙከራው ሄድክ።

ግንቦት 18፣ እሑድ፦ ቤታችን ሽማግሌዎች መጡ።

ግንቦት 20፦ ያመለጠህን ፈተና የምትወስድበት ቀን ነው። ከቀረህ በሚቀጥለው ዓመት ለመጫወት የሚጠየቀውን የትምህርት ደረጃ አታሟላም።

ግንቦት 21፦ ስምህን ከድራፍቱ አውጥተህ ወደ ኮሌጅህ ቡድን ለመመለስ የመጨረሻው ቀን ነው።

ዛሬ 19 ነው። ባንክ ሆሊደይ ስለሆነ ቢሮ አልገባሁም። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሥራ አልጨረስኩም፤ ልብስ ለማጣጠፍ እጀምርና ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ ሻይ እጥድና ረስቼው ይገነፍላል። ስልክህ ይጠራል፤ አታነሣውም። ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌ ፎቶውን እልክልሃለሁ። አማርኛ ማንበብ እንደሚያዘገይህ አውቃለሁ። የመረጥኩትም ለዚያ ነው፤ ቀስ ብለህ አንብበው።

ስትሄድ ከኮሌጁ የተሰጠህን መመሪያ ለእኔ ትተህልኝ ነበር። «በቤታችን ጥቃቅን ፊደል የምትወጂ አንቺ ብቻ ነሽ» ብለህ ሳቅክብኝ። ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ክፍል የሚሠራ ሰው ሌላ ምን ይወዳል? መመሪያው ግልጽ ነው። ልክህን ልትሞክር ትችላለህ፣ ልትመለስም ትችላለህ፤ ነገር ግን ፈቃድ ከሌለው ወኪል ጋር በጽሑፍም ሆነ በቃል ከተስማማህ መመለስ አይቻልም። ቤተሰብህ በስምህ ቢስማማልህም ያው ነው። እኔም አባባንና እማዬን ሰብስቤ «ማንም ወረቀት ቢያመጣ እንዳትፈርሙ» አልኳቸው። በጥንቃቄ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። በእኛ ቤት ከፊርማ በፊት ቃል እንደሚቀድም ያሰብኩት ትናንት፣ ጋሼ መርዕድና አቶ ስምዖን ሱፋቸውን ለብሰው በር ላይ ሲቆሙ ነው።

ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም።

«ኧረ በማርያም ተቀመጡ!» አለች እማዬ። «ምን አጠፋን?»

«ጉዳያችን ሳይሰማ መቀመጥ አይሆንልንም፣ ሮማንወርቅ» አሉ ጋሼ መርዕድ።

እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ሻሿን አስተካከለችና ወደ ማድ ቤት እንድገባ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ያየች እናት ሌላ ምን ታስብ? ማድ ቤት ገብቼ በራሴ እስካፍር ድረስ ደንግጬ ቆምኩ።

«የመጣነው ለተክለአብ ነው» ሲሉ ሰማሁ።

«ለተክለአብ?» አለች እማዬ። ከዚያ ቀጠለች፦ «እንግዲህ ለንደን ውስጥ ወንድ ልጅም ይታጫል ማለት ነው?»

ወጥቼ አጠገቧ ቆምኩ። የላካቸው ብዙነህ ነበር። ጋሼ መርዕድ ነገሩን አሳምረው አቀረቡት። ልጁን ኳስ ያስያዘው ብዙነህ ነው፤ በዝናብ በብርዱ በመኪናው ያመላለሰው እሱ ነው፤ አሁን ወኪል ሆኖ ቱርክ አገር ቡድን አግኝቶለታል። የአሜሪካ ወኪሎች ግን ሊቀድሙት ነው። «ወረቀት አላመጣንም፤ እሌኒ ወረቀት እንደማትወድ ሰምተናል። የምንለምነው ቃላችሁን ነው። ልጃችን ልጅህ ነው በሉት፤ ይበቃዋል።»

«እሱ ራሱስ የታለ?» አለች እማዬ።

«ታች፣ መኪና ውስጥ።»

«እንደ ሙሽራ ተደብቆ!»

«ሙሽራውስ ፓርኪንግ አጥቶ ነው» አሉ አቶ ስምዖን። «ድርብ ቢጫ መስመር ላይ ነው የቆመው። ቲኬት ሳይለጥፉበት ብትጨርሱልን ጌታ ይባርካችሁ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ አባባ ብቻ አልሳቁም። ከወንበራቸው ተነሥተው ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙ። ያን አቋም ታውቀዋለህ፤ እሺ ሊሉ ሲሉ ነው እንደዚያ የሚቆሙት። እዚህ አገር ስንገባ ካሌዶኒያን ሮድ ባለችው አንዲት ክፍላቸው ያስጠጉን እሳቸው አይደሉ? አባባ ለጋሼ መርዕድ እምቢ ብለው አያውቁም።

«ይቅርታ ጋሼ መርዕድ» አልኩ። ሽማግሌ ቆሞ ሳለ መናገሬ ነውር መሆኑን እያወቅኩ ነው። «በቃል መስማማትም ውል ነው። ዛሬ እሺ ካልን፣ ከነገ ወዲያ ተክለአብ መመለስ ቢፈልግ እንኳ ለኮሌጁ ሊጫወት አይችልም።»

«እሌኒ ልጄ፣ ማን ይሰማናል? ቤታችን ውስጥ ነን።»

«ኮሌጁ ከጠየቀኝ እኔ ሰምቻለሁ።»

እማዬ ክንዴን ያዘችኝ፤ ልታስቆመኝ ይሁን ልትደግፈኝ እስካሁን አልለየሁትም። አባባ ግን ወደ እኔ አላዩም።

«መርዕድ፣ ክሮይደንን ታስታውሳለህ?» አሉ።

«እንዴት እረሳለሁ? ይዤህ የተመላለስኩት እኔ አይደለሁ?»

አንተ ያኔ ስምንት ዓመትህ ነበር፤ በኋላ በገባንበት ሆስቴል ኮሪደር ላይ ኳስ እያነጠርክ ጎረቤቱን ሁሉ ታስመርር ነበር። ስለዚህ ላስታውስህ። አባባ ክሮይደን ለጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ሲገቡ ከምርጫው በኋላ መቼ እንደታሰሩ ተጠየቁ። «ጥቅምት 1998» አሉ፤ እውነት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ወደ ፈረንጁ መቀየሩን በጭንቀት ረሱት፤ እንደተናገሩትም ተተረጎመ፣ እንደተተረጎመም ተጻፈ። ከዚያ በኋላ በሄዱበት ሁሉ «ምርጫው የተደረገው በ2005 ሆኖ ሳለ እንዴት በ1998 ታሰርክ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃቸው ነበር። የአንድ ቃል ማስተካከያ ወረቀታችንን ለዓመታት አንጠለጠለው። እኔን እንዲህ ያደረገኝ እሱ ይመስለኛል። አባባን ምን እንዳደረጋቸው ግን እስከ ትናንት አላውቅም ነበር።

«ያኔ የተናገርኩት እውነት ነበር» አሉ። «እውነት ተናግሬ እንኳ ልመልሰው አልቻልኩም። ዛሬ ደግሞ በሰው ዕድሜ ላይ ቃል ልስጥ?»

ጋሼ መርዕድ አንገታቸውን ደፉ።

«ቢሆንም ሽማግሌ እምቢ አይባልም» ብለው ቀጠሉ አባባ። «ወጉ ግን አለ። የማን ልጅ ነው በመጀመሪያው ልመና የሚሰጠው? ዘመድ እናማክር። ለሰኔ ሚካኤል ተመለሱ።»

«ሰኔ ሚካኤል?» አሉ አቶ ስምዖን። «ብዙነህ ከሃያ አንድ በፊት ነው ያለን!»

«ሃያ አንድ ማርያም ናት፤ እንግዳ አለብኝ» አለች እማዬ።

«እኔን ጴንጤውን በቅዱሳን ቀን እየቀጠራችሁ አታስጨንቁኝ። በፈረንጁ ስንት ነው?»

«ጁን 19» አልኩ። ስልካቸውን አውጥተው መዘገቡት። ከዚያ በኋላ ተቀመጡ፤ ቀጠሮ ያገኘ ሽማግሌ መቀመጥ ይችላልና። እማዬ ምሳ አቀረበች፤ እኔ ብዙነህን ልጠራ ወረድኩ።

ይህን ክፍል ልዘለው አስቤ ነበር። ብዙነህ መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል፤ ፊቴን አይቶ ገባው።

«አንቺ ነሽ፣ አይደል?» አለኝ።

«ሕጉ ነው» አልኩት።

«ልጁ ኳስ መያዝ ሳይችል ሕጉ የት ነበር?»

ስንት ቅዳሜ አንተን ከጂም ይዞ ሲመጣ ውጭ ቆሞ ጠብቆ፣ በሩ ሲከፈትልህ አይቶ እንደሄደ አስታውሳለሁ። ሌባ አይደለም። የሚለፋለትን ሰው የማጣት ፍርሃት ይዞታል። ግን ፈቃድ የለውም፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም። ምሳ ብላ ብለው «አልራበኝም» አለ። «ተክለአብን በስልክ አናግረኸዋል?» ስለው መኪናውን አስነሣ።

እንግዲህ ወደ ኋላ ያቆየሁት ይህ ነው። አንተ ራስህ ቃል ሰጥተኸው እንደሆነ አላውቅም። ሰጥተኸው ከሆነ የትናንቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ለእኔ ሳይሆን ለኮሌጁ፣ ዛሬውኑ፣ እንዳለ ንገራቸው። ቱርክ ያጓጓህ እንደሆነም አላውቅም። ነገ ወደ ፈተናው ክፍል ትገባ ወይም ሌላ ክለብ ጠርቶህ አውሮፕላን ላይ ትሆን አላውቅም። ያላነሣኸው ስልክ ሁሉ በጭንቅላቴ ውስጥ ሌላ መልስ ይሰጠኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ነግሬህ አላውቅም። ሚያዝያ ላይ «ካልሆነ እመለሳለሁ» ስትል ተናድጄብህ ነበር፤ ምክንያቱን አንተም አልጠየቅክም፣ እኔም አልተናገርኩም። በዚህ ቤት የመመለሻ ቀን ተሰጥቶት የወጣ ሰው አንተ ብቻ ነህ። እኛ ስንወጣ እስከዚህ ቀን ሞክሩት፣ ካልሆነ ቦታችሁ ይጠብቃችኋል ያለን የለም። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ስለዚህ ያ ቀን ለአንተ የኮሌጁ ደንብ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ሌላ ነገር ነው። ትናንት በሽማግሌ ፊት ያስነወረኝ እሱ ነው። የምትመለስበት ቀን እስኪያልፍ ድረስ ማንም፣ የሚወድህም ቢሆን፣ በሩን እንዲዘጋብህ አልፈለግኩም።

ተመለስ አልልህም። እዚያው ቅር፣ ሞክር፣ ቱርክም ሂድ አልልህም። ልክህን አውቀኸው ከሆነ እኔ የማላውቀውን ታውቃለህ። ነገ ግን ፈተናህ ነው፤ ከነገ ወዲያ ማርያም ናት። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ስልክህን አንሣ፤ ከእኔ ባይሆን ከአባባ ጋር ተነጋገር። ትናንት ሽማግሌዎቹን ሸኝተው ከተመለሱ ጀምሮ ከስልኩ አጠገብ አልተነሡም።

ከኮሌጁ ሲጠይቁህ የምትለው እንዳይጠፋህ፣ ከእኛ በኩል ያለውን አስረግጬ ልጻፍልህ፦ በዚህ ቤት ማንም አልፈረመም። በስምህም ቃል አልሰጠንም።

እኅትህ እሌኒ