ሁለቴ ጠርቶ ተዘጋ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

በሲም ካርድ የሚሠራው ሞደም መጣ። ከክብሪት ሳጥን አይበልጥም። መዳፍ በምታክል ኮምፒውተር ላይ እገጥመዋለሁ፣ አለቀ። የደንበኛችን መኖሪያ ግቢ ጥበቃ ውሃ መኖሩን ለማየት በመሰላል ታንከር ላይ መውጣቱ ይቀርለታል። ሚስኮል ያደርጋል፣ ማሽኑ ይዘጋበታል፣ የውሃውን ልክ በመልዕክት ይልክለታል። ቀላል ሥራ።

ግን ቀኑን ሙሉ እምቢ አለኝ። ኔትወርክ መፈለግ ሲጀምር ኮምፒውተሯ ድርግም ብላ ትጠፋለች። ጥድፊያ (አለቃችን ነው፣ ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን) በበሩ ብቅ እያለ "እስካሁን?" ይላል። ቅዳሜ መሰቀል አለበት። ምን ጎድሎት ነው?

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ገባኝ! የጎደለው ኃይል ነው። ሞደሙ ኔትወርክ ሲፈልግ ብዙ ይስባል፤ ከኮምፒውተሯ ላይ ሲወስድ እሷን ያንቃታል። የራሱን ቻርጀር ሰጠሁት። ወዲያው "ኦኬ" ብሎ መለሰልኝ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ... ሲም ካርድ የለም። ጥድፊያ ረስቶታል። "አዲስ ለማውጣት ደብዳቤ ምናምን ይላሉ፣ እስከ ቅዳሜ አይደርስም። አንቺ ጋ ትርፍ የለም?" አለ።

"አለ" አልኩ። ለምን አልኩ?

ያለው የአባዬ ነው። ካረፈ ዓመት አልፎታል። ስልኩ እንደተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከሰዓቱና ከመነጽሩ ጋር ተቀምጧል። ቁጥሩ እንዳይዘጋ እማዬ በየወሩ ታላቅ ወንድሜን፣ ጋሼን፣ ካርድ ታስሞላዋለች። ጋሼ ደግሞ "ለማን ብለን ነው የምንሞላው?" እያለ ያጉረመርማል፣ ግን ይሞላል።

እማዬ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ሲሙን አወጣሁ። ለሙከራ ነው... አዲሱ ሲመጣ ይመለሳል። ብጠይቃትስ? እምቢ ብትልስ? እሱን ፈርቼ ነው ያልጠየቅኳት። ስልኩን እንደነበረ መልሼ ሲሙን ኪሴ ከተትኩት። የሌባ እጅ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ሠራ። በራሴ ስልክ ደወልኩ። ሁለቴ ጠርቶ ተዘጋ። መልዕክት ገባ፦ "ታንከር 12 በመቶ። ፓምፕ አልተነሳም።" ላኪው ላይ "አባዬ" ይላል። ከስልኬ አላጠፋሁትም ነበር።

ጥድፊያ በትከሻዬ በኩል አየ። "አባትሽ ፓምፕ ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ በይኛ!"

ሳቅኩ። እኔ ነኝ የሳቅኩት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ማሽኑን አጥፍቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ጉድ ሆንኩ።

ዛሬ ማሽኑ አድሮ እንዲፈተን ብዬ ሳላጠፋው ነበር የወጣሁት። ቤት ስገባ እማዬ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ። ራት አልተሠራም። መብራት አልበራም።

"ነይ እስቲ" አለችኝ። "አባትሽ ጋ ደወልኩ።"

"ምን?"

"ሲመሽ ሲመሽ እደውላለሁ። አላበድኩም፣ አታፍጪብኝ። ቀብሬዋለሁ። የቴሌዋ ሴትዮ 'ማግኘት አይችሉም' ትለኛለች፣ እሺ ብዬ እዘጋለሁ። ዛሬ ግን ጠራ።"

አላውቅም ነበር። ባንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን...

"ሁለቴ ጠርቶ ዘጋብኝ።"

አባዬ እንደዛ ነበር። ከሥራ ሊወጣ ሲል እማዬ ትደውላለች፣ አያነሳም፣ ሁለቴ አስጠርቶ ይዘጋል። መጣሁ ማለት ነው። ራት አሙቂ ማለት ነው። ፕሮግራሙን ስጽፍ ሁለቴ ይጥራ ያልኩት እኔው ነኝ። ለምን ሁለቴ? እንጃ... እጄ የለመደውን ጻፈ።

"ቀጥሎ ይኼ መጣ።" መነጽሯን አድርጋ አነበበችልኝ። "ፓምፕ አልተነሳም። የምን ፓምፕ ነው ልጄ? አባትሽ ፓምፕ ያውቃል?"

አሁን ልንገራት... አሁን...

"ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሰጥተውት ይሆናል" አልኳት።

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

የማሽኑ ሳጥን ታንከሩ ላይ ተሰቀለ። ሲሙን ላወጣ ስል ጥድፊያ "ለጊዜው ባለው ይሂድ" አለ። እሺ አልኩ። ጥበቃው ሚስኮል አድርጎ መልዕክቱ ሲመጣለት "ጉልበቴን አተረፍሽልኝ፣ እጅሽ ይባረክ" አለኝ። የትኛው እጄ?

ሲመሽ እማዬ እንደገና ደወለች። መኝታ ቤት ሆኜ ሰማኋት። "ማነህ አንተ?" ትላለች፣ ለተዘጋ ስልክ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

እማዬ ቁምሳጥኑን ከፈተች። የአባዬን ስልክ አበራችው። ሲም የለውም።

ጋሼ ሊጠይቀን ሲመጣ ገና በሩ ላይ ጀመረችው። "የት አደረስከው? ለማን ሰጠኸው?"

"ምኑን?"

"የአባትህን ሲም ነዋ! ለማን ብለን ነው የምንሞላው ስትል አልነበር?"

ጋሼ... ያ ሲቆጣ ቤት የሚያናውጠው ሰው፣ ቆሞ አያት። "እኔ? የአባዬን?" ብቻ አለ። ያመጣውን ብርቱካን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አይጧ እኔ፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ የብርቱካኑን ፌስታል አያለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው! እንደዛሬ ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ጠዋት ታንከሩ ላይ ወጥቼ ሲሙን ነቀልኩት። ጥድፊያ በስልክ ጮኸብኝ። "ደንበኛው ምን ይለኛል?"

"የሟች አባቴ ነው። እናቴ ሳታውቅ ነው የወሰድኩት" አልኩት። "በቃ፣ የአዲሱን ደብዳቤ ዛሬ አስጽፋለሁ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ጥድፊያ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ጋሼ ሱቅ ሄድኩ። ነገርኩት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እሷን እያየሽ ዝም አልሽ?"

"አዎ።"

"እኔንም እያየሽ?"

"አዎ።" ገበያተኛ መጣለትና ፊቱን አዞረ።

ከዚያ እማዬ። ሲሙን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ታንከሩን፣ ፓምፑን፣ ሁለቴ መጥራቱን። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"እምቢ ትያለሽ ብዬ።"

"እምቢ እል ነበር" አለች። ስልኳን አንስታ ጋሼ ጋ ደወለች። "ይቅር በለኝ ልጄ" ስትለው ሰማሁ። በእኔ ጥፋት እሷ ይቅርታ ትጠይቃለች...

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ሲሙ ቦታው ተመልሷል። ሳጥኑ አዲስ ሲም ገብቶለታል፤ ፕሮግራሙንም ቀይሬዋለሁ፣ አሁን አንዴ ጠርቶ ነው የሚዘጋው። ጋሼ ዛሬ መጥቶ ነበር። ለእማዬ የአባዬን ካርድ መሙላቱን ነገራት። ለእኔ "ደህና ነሽ" ብቻ።

ሲመሽ ከእማዬ ጋር ሳሎን ተቀመጥን። ስልኳ ጎኗ ነው። የምትደውልበት ሰዓት አለፈ። አላነሳችውም። ትናንትም አላነሳችውም፣ ከትናንት ወዲያም።

"አትደውዪም?" አልኳት።

"ድሮ ስደውል እሱ ነበር ትዝ የሚለኝ" አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ። "አሁን ቁጥሩን ገና ስጀምረው አንቺ ትመጪብኛለሽ። አንቺና ፓምፕሽ።"

ይቅርታ አልኳት። "እሺ" አለችና ተነስታ መጋረጃውን ዘጋች።