በባሕር ውሃ እጠቡት ያለው መሐንዲስ

ሸዋል 10
ዛሬም መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር፣ ሱቃችን በር ላይ ተጎልቼ ዋልኩ። ሠራተኛችን ሐሚድ የሰው ኤሲ ከፍቶ ይጠግናል፣ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ። በእኛ ሙያ ማሽን የሚከፍት ሁሉ እንዲያ ነው... ሌላው እንዳያይበት።
«ምንድን ነው የምትደብቀው ሐሚድ፣ ሁለተኛ ሚስት ነው?»
«አባባ፣ አንቱ ሻይዎን ይጠጡ!»
ማታ ልጄ ፈይሰል ፊቱን አጥቁሮ ገባ። ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ያለው ሱቃችን የጠገነው ማሽን በሳምንቱ ተበላሽቶ ይመለሳል። «ኸላስ፣ በቃ፣ ከዚህ ወር በኋላ እዘጋዋለሁ» አለ። «እዚያ ያለው ሠራተኛችን አንዋርስ? የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማውስ በማን ይታደሳል?» አልኩት። እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ሸዋል 12
የፈይሰል ልጅ ሪም መላ አመጣች። ሁለቱም ሱቆች በስልካቸው የሚከፍቱት አንድ የጋራ ገጽ ኢንተርኔት ላይ ሠራች። የሚያውቅ ይጽፋል፣ ስህተት ያየ ያርማል። ሐሚድ መካ ሆኖ የሚያውቀውን አንዋር ጅዳ ሆኖ ያነባል። አባቷ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጣት። ጭንቅላቷ የኔ ነው... የአባቷማ አይደለም።

ሸዋል 19
ገጹ ባዶ። ሐሚድ «ቢስሚላህ» ብሎ ጻፈ፣ አበቃ። አንዋር ከሥሩ «ማሻአላህ» አለበት። ሪም ልታለቅስ ደርሳለች።
«ወላሂ አባባ፣ ያውቃሉ ግን አይሰጡም።»
ባለሙያ ጠይቀውት መቼ ይናገራል? ግን... ሌላው ሲሳሳት እያየ ዝም ማለትስ ይችላል? ብቻዬን ሳቅኩ።

ሸዋል 20
«ለማየት ብቻ» ብዬ ሪምን የገጹን አገባብ ጠየቅኳት፣ አስተማረችኝ። ገጹ ስም ሲጠይቀኝ «መሐንዲስ ኢያድ» በሚል የውሸት ስም ገባሁ። አስተግፊሩላህ። እንዲህም ጻፍኩ፦ «የጅዳ ኤሲ ዝገት እንዳይበላው የውጭው ማሽን በባሕር ውሃ ይታጠብ። አልቀዘቅዝ ካለም ብዙ መድከም አያሻም፤ ጋዝ መሙላት ነው።»

ሸዋል 21
ያ ሰላም! አንዋር ገና በጠዋቱ ነደደ። «ይሄን አህያ ማነው መሐንዲስ ያለው? ማሽኑን የሚጨርሰው የባሕሩ ጨው አይደለም እንዴ!» ብሎ ጀመረና፣ በምን እንደሚያጥብ፣ ምን እንደሚቀባ፣ አንድም ሳያስቀር ዘረገፈው። ሐሚድ ደግሞ በጋዙ ተቆጣ። ጋዝ በራሱ አያልቅም፣ የሚያፈስበት ቦታ ይፈለግ አለ። በሳሙና አረፋ እንዴት እንደሚፈልግ በፎቶ አሳየ። ስንት ዓመት ጀርባውን ሳይ ኖሬ ዛሬ እጁን አየሁት!

ሸዋል 26
መሐንዲስ ኢያድ በየቀኑ ይሳሳታል። ገጹ ሞላ። ራት ላይ ፈይሰል፣ «ይሄ ኢያድ የሚሉት ማነው? ካገኘሁት አባርረዋለሁ» አለ።
«አባርረው» አልኩት፣ «እስኪበላም አትጠብቀው» ብዬ ሩዙን ወደኔ ሳብኩ። ሪም በዓይኗ ወጋችኝ። ጠርጥራ ይሆን?

ዙልቂዕዳ 15
የጅዳው ሱቅ አልተዘጋም! ሙቀቱ ገብቷል፣ ሰው በር ላይ ተሰልፏል፣ አንዋር የሐሚድን እያነበበ የጠገነው አንድም አልተመለሰም። ኢቃማውን ፈይሰል ራሱ አሳደሰለት። ከሁሉም የገረመኝ... አንዋር ደውሎ ሐሚድን «ወንድሜ» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። አልሐምዱሊላህ!

ዙልቂዕዳ 20
ገጹ ላይ አዲስ ነገር ተጽፏል፦ «የኤሲው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ መቃጠሉን ሳይከፍቱ በጆሮና በአፍንጫ መለየት ይቻላል የሚሉ አሉ። የሽማግሌ ተረት ነው።»
ተረት? ያቺን ነገር መካ ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቃት አለ? ደሜ ፈላ። ድምጿን፣ ሽታዋን፣ መዳፌን የት እንደማሳርፍ፣ ለልጄ እንኳ ያልነገርኩትን ሁሉ ጻፍኩ። ከንዴቴ የተነሳ ኢያድን ረስቼ ከሥሩ በእውነተኛ ስሜ «አብዱረሺድ» ብዬ ፈረምኩ።
ከዚያ ነው የጸሐፊውን ስም ያየሁት። «የመሐንዲስ ኢያድ የልጅ ልጅ» ይላል።
ቀና ስል ሪም በሩን ተደግፋ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።
«አንቺ ሸይጣን!»
«ከማን ተማርኩት አባባ?»
ሻይዬን ጠጥቼ ስመለስ ደግሞ ሐሚድ አንድ መስመሬን አርሞታል። እኔን! ሙያውን ያስያዝኩትን! ደጋግሜ አነበብኩት...
ልክ ነው።