ከድርሰት ክፍላቸው በፈቃዳቸው ያልወጡት መምህርት የሕይወት ታሪክ

መምህርታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት እናታቸው ስፌት ከሚሰፉባት ክፍል በስተጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ጓዳ ውስጥ ሲሆን፣ ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ተጸያፊ ነበሩ። ሌላ ሰው ያጠበውን ብርጭቆ ደግመው ካላጠቡ ውኃ አይጠጡም፤ ታላቅ እህታቸውም «አንቺን የሚያገባ ሰው መጀመሪያ መቀቀል አለበት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው በ1966 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ። አንደኛ ደረጃ እያስተማሩ በማታው ክፍለ ጊዜ ቋንቋ አጠኑ፤ በ1979 ዓ.ም. በከተማችን ኮሌጅ የድርሰት አጻጻፍ መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ክፍል ከመጸዳጃ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። መስኮቱ ሲዘጋ ሽታው፣ ሲከፈት የመንገዱ ጩኸት ያስመርራል። እሳቸው ጩኸቱን መረጡ፤ ድምፃቸው የጎላው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያ ክፍል ዐረፍተ ነገር ማዋቀርን፣ አንቀጽ መክፈልንና ሥርዓተ ነጥብን ያለማምዱ ነበር። በእሳቸው ዘንድ ተማሪ የጻፈውን ራሱ አያነበውም። ጎረቤቱ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ጸሐፊው አፉን ዘግቶ ይሰማል። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ይሰመርበታል። «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነበር» ብሎ ማስረዳት ክልክል ነው። «ከወረቀትህ ጋር ቤት ለቤት እየዞርክ ልታስረዳ ነው? ድገመው!» ይሉታል። «እትዬ ድገመው» የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚህ ነው። የተንዛዛ ጽሑፍ ሲገጥማቸው ሾርባ ውስጥ ፀጉር እንዳገኘ ሰው ፊታቸው ይጨማደዳል፤ ጸሐፊውን ግን ተጸይፈው አያውቁም።

በ1981 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው በእጮኝነታቸው ዘመን አንድም ደብዳቤ አልላኩላቸውም፤ ለምን ሲባሉ «ለእሷ ጽፎ ከመዋረድ በእግር መሄድ ይሻላል» ይሉ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለመጻፍም ይቀፋል። በ2001 ዓ.ም. የተማሪው ቁጥር ሲበዛ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ማጻፉ ቀርቶ ተማሪው ትክክለኛውን መልስ እያከበበ እንዲፈተን አዘዙ። ለማረም ይቀላል ተባለ። መምህርቷ በስብሰባ ተነሥተው «እንግዲያው ዋናንም በወረቀት ፈትኑና ወንዝ ውስጥ ልቀቋቸው» አሉ፤ ማጻፋቸውንም አላቆሙም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ክፍላቸው በተሰባበረ ወንበር ተሞልቶ አገኙት። የተማሪዎቻቸው ድርሰቶች መጸዳጃ ቤቱ በር ሥር ተደፍተው፣ ከውስጥ የሚፈሰው ውኃ ነክሯቸው፣ አላፊ አግዳሚው ጫማውን ይጠርግባቸዋል። የኃላፊው ቢሮ ከዚያው ፊት ለፊት ነው፤ በሩም ክፍት ነበር። ሰው ተጨንቆ የጻፈውን እዚያ የሚያስደፋ ሰው ምን ይባላል? የሰው ብርጭቆ የሚጸየፉት እኚህ ሴት ግን ተንበርክከው ወረቀቶቹን በባዶ እጃቸው ለቀሙ። ባለቤታቸው በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አሰጡላቸው፤ ቤቱም ሸተተ። ሲደርቁ መምህርቷ አርመው፣ በኮሌጁ በር ላይ ቆመው ለየጸሐፊው አደሉ። ኃላፊው በዚያ ሲያልፉ አይተዋቸው «ኧረ ይበቃዎታል፣ ይረፉ!» አሏቸው። በዚያው ሳምንት ጊዜው ሳይደርስ የጡረታ ደብዳቤ መጣላቸው። የጡረታ ጥያቄ አላቀረቡም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሳሎናቸው ክፍል ሆነ፤ የኩላሊት ሕመም እስኪጥላቸው ድረስ እዚያ አስተማሩ። በሆስፒታል እየታከሙ ሳሉ ኮሌጁ «ለቀብሩ ሥነ ሥርዓት ይረዳችኋል» ብሎ ራሱ ያዘጋጀውን የሕይወት ታሪክ ላከ። ልብ በሉ፤ ሴትየዋ አልጋቸው ላይ ሻይ እየጠጡ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የእህታቸው ልጅ ቀድዳ ልትጥለው ስትል «ተይ፣ አንብቢልኝ» አሏት። መጀመሪያ «ለሞቴም ቸኮሉ!» ብለው ሳቁ። «በራሳቸው ፈቃድ በጡረታ ተሰናበቱ» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ሻዩን ገፉት። «ይህን ካነበባችሁብኝ ከሣጥኑ ተነሥቼ እሄዳለሁ። እውነቱን አንቺ ጻፊው፤ እነሱም ቆመው ይስሙት» አሏት።

መምህርታችን ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ታላቅ እህታቸውና የእህታቸው ልጅ ያዝናሉ።

እዚህ የቆማችሁ የኮሌጁ ተወካዮች፣ አበባችሁ ደርሶናል። ከሥራቸው የወጡት በፈቃዳቸው አይደለም፤ ተባረው ነው። ይህ በመቃብራቸው ላይ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ያደረጉት ግን በፈቃዳቸው ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ንጹሕ በሆነ ስፍራ ያሳርፍልን።