ብሬከሩን ያወረድሁት እኔ ነኝ

ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ቆመሽ ነው የምትውዪው? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? ስለ ትንሹ ሳል አንድ መስመር ብቻ ጽፈሽ ማለፍሽን አልወደድሁትም፤ በደንብ አድርገሽ ጻፊልኝ። እኛም ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ትክክል አይሆንም።

የላክሽልን የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ማክሰኞ ደረሰን። በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛው የውሃውን መስመር አገናኝቶ፣ "ለኤሌክትሪኩ ባለሙያ ይጥሩ" ቢላቸው አባትሽ ሳቁበት። "አርባ ዓመት ሽቦ ስስብ የኖርሁትን እኔን ባለሙያ ጥራ ትለኛለህ?" አሉት። ሰውየው "ይቅርታ አባባ" ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ምነው ባስቀረሁት!

ታውቂያለሽ፣ አባትሽ የመብራት መቁረጫውን ብሬከር አውርደው፣ መስመሩ መሞቱን በቴስተር ሳያረጋግጡ አንዲት ብሎን አይነኩም ነበር። ትናንት ግን ካቻቪቴያቸውን ይዘው ተንበረከኩና እጃቸውን በቀጥታ ወደ ሽቦው ሰደዱ። ቴስተሩ ከኪሳቸው አልወጣም። እኔ መመሪያውን ይዤ ከጀርባቸው ቆሜ ነበር። ከመንበርከካቸው በፊት መነጽራቸውን ሊያመጡ ሲሄዱ ብሬከሩን ያወረድሁት እኔ ነኝ። ከሁለት ወር ወዲህ ምድጃ ለኩሰው ይረሳሉ፤ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ይጠይቁኛል። ስለዚህ እግር በእግር እከተላቸዋለሁ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ያልፋል ብዬ ነው።

የሚገርመው፣ ሥራው አንድ እንከን አልነበረበትም። ከአደጋ የሚጠብቀውን የመሬቱን ሽቦ ከሌሎቹ አስረዝመው፣ ብሎኑን አጥብቀው፣ እያንዳንዱን ጎተት አድርገው ፈተሹ። እኔ እንኳ የማርመው አጣሁ። ከዚያ የማሽኑን ቁልፍ ተጫኑ፤ ድምፅ የለም። ደግመው ተጫኑ። "ይቺ ልጅ ሬሳ ነው እንዴ የላከችልን?" ብለው ቀለዱ። "ብሬከሩ ወርዷል" አልኋቸው። "ማን አወረደው?" "እኔ።" "መቼ?" "ገና ሳይጀምሩ።" ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ብሬከሩን መልሼ አበራሁና የውሃውን ፍተሻ ሠራን። ከማሽኑ ሥር ደረቅ ወረቀት አነጠፍን፣ አጭሩን እጥበት አስነሣን፣ እኔ ባትሪ እያበራሁ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከቱቦው መጋጠሚያ አንዲት ጠብታ ወረደች። ፈትተው ቢያዩት ጎሚኒው ተጣሞ ኖሯል፤ አስተካክለው አጠበቁት። ሌላ ወረቀት አንጥፈን ስንደግመው ደረቅ ሆኖ ወጣ። እሳቸው ግን "ደረቅ ነው?" እያሉ አራት ጊዜ ጠየቁኝ፤ "አዎ" ባልኋቸው ቁጥር በጣታቸው ይነኩታል። መጨረሻ ላይ "ለልጅቷ እንዳትጽፊላት" አሉኝ።

ይኸው ጻፍሁልሽ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብላቸው የሚያምሽን ጉልበትሽን ልትታዪ ከሆነ አንቺ ሂጂ ይሉኛል። አንቺን ግን እምቢ አይሉም። እባክሽ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ብለሽ በራስሽ እጅ ጻፊላቸው፤ ስለ ብሬከሩ አታንሺ። አስቀድመሽ ማሽኑን አሳምረው እንደገጠሙት ሰምተሽ ደስ እንዳለሽ ንገሪያቸው። እውነት ነውና።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺ። አማትሽን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውሰዱ ብላለች በያቸው። ትልቋ የእጅ ጽሕፈቷን ታሻሽል፤ ትንሹን ደረቱን ሸፍኚልኝ። አባትሽም ሰላም ብለውሻል። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ ለማን እንደምጽፍ ያውቃሉ፣ ምን እንደምጽፍ ግን አልጠየቁኝም።

እናትሽ
ከቤታችን፣ ዓርብ፣ የካቲት 9 ቀን