በግራ እጅ የሚከፈተው ሳጥን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ አባባ ኤረር በር ገበያ ላይ ለሚሸጡት ጫት አዲስ ማቆያ ሳጥን ገዝተው መጡ። ገና ሳየው አወቅሁት። አምና አንድ ትልቅ ኩባንያ «ፈጠራ ያላችሁ ኑ፣ አብረን እንሥራ» ሲል ወስጄ ያሳየሁት የራሴ ሳጥን ነው። «ለእኛ አይሆንም» ብለው መልሰውኝ ነበር፤ አሁን የራሳቸውን ምልክት ለጥፈው ይሸጡታል። እርጥብ ጨርቅ የሚገባበት ድርብ ግድግዳው የእኔ ነው። ክዳኑን እንኳ አልቀየሩትም። በግራ እጅ እንዲከፈት ያደረግሁት የአባባ ቀኝ እጅ አልታዘዝ ስላላቸው ነው። ሥራው ሲሳካ ላስደስታቸው ብዬ እስከዛሬ አልነገርኳቸውም።

አባባ ክዳኑን ደጋግመው ከፍተው ዘጉት።

«ማሻአላህ፣ ይኼን የሠራው ሰው እንደኔ ያለ አባት ቢኖረው ነው» አሉ።

ከዚያ ለሠራው ሰው ዱዓ አደረጉ። አሚን ማለት አቃተኝ።