ከረሜላው ጥፋት አልነበረበትም

ውድ አባዬ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ስደውል ስልኩን ለሙሰዓብ እያቀበሉ «ደህና ነኝ በላት» ስለሚሉ፣ ይህን ጽፌ በራሱ በወንድሜ እጅ ልኬዋለሁ። ሲያነብልዎት መሃል ላይ ተነሥተው እንዳይሄዱ አደራ።

የዒድ ማግስት እኔ ቤት ደባርቅ ነበሩ። የልጄ የዚነት ድድ አብጦ፣ እርስዎ የሰጧትን ከረሜላ ይዛ ስታለቅስ አየሁና ጮኽኩብዎት፤ «የራስዎን ጥርስ በከረሜላ ጨርሰው አሁን ደግሞ የልጄን!» ኮፍያዎን አድርገው ወልገድ ወልገድ እያሉ ወደ ቤትዎ ወደ ዳባት የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወጡ። ይኸው ሦስት ወር ሆነ።

አባዬ፣ ተሳስቼ ነበር።

እብጠቱ አልሄድ ሲል ጎንደር ወሰድኳት። የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ጥበብ ትባላለች። በትንሽ መስታወት አገላብጣ አየችና «ይሄ ጥርስ አንድም ቀዳዳ የለው» አለች።

«ታዲያ እብጠቱ ከየት መጣ?» አልኳት።

ዚነትን አስነሥታ አራመደቻት። «ከቤተሰብ እግሩ የጎበጠ ሰው አለ?» አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በረጅም ቀሚስ የደበቅሁትን እግሬን ገልጬ አሳየኋት። ዚነት ያበጠ ጉንጯን ይዛ ሳቀች፤ «እማ፣ ለካ ያንቺም እንደ እኔ ነው!»

ደምና ሽንት ሰጠን። አጥንትና ጥርስ የሚያጠነክረውን ፎስፌት የሚባል ነገር ኩላሊታችን በሽንት ሲጥለው ኖሯል። ጥርሳችን ላዩ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ግን ደካማ፤ ዓይን በማያየው ስንጥቅ ተሕዋስ ይገባና ሥሩ ላይ መግል ይቋጥራል። በዘር የሚመጣ ነው። አባት ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያወርሳል፣ ለወንዶቹ አያወርስም። ሙሰዓብ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ያደገው ለዚህ ነው፤ ሲያነብ አይኩራብን!

«አባቴ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው የፊት ጥርሳቸው አለቀ» አልኳት። «እናቴ እስክትሞት ‹የስኳር ሌባ› ትላቸው ነበር።»

ዶክተሯ ሳቀች። «ጣፋጭ ለማንም ጥርስ አይበጅም። የእሳቸው ግን ከረሜላ ባይቀምሱም ይጎዳ ነበር።»

ዚነት ድናለች። መግሉ ወጣ፤ የቀሩት ጥርሶቿ ስንጥቃቸው እንዲደፈን ተቀቡ። ፎስፌቱን በቀን አራት ጊዜ አፍንጫዋን ይዛ ትጠጣለች፣ እየጠጣችም ትሳደባለች። ገና ልጅ ስለሆነች እግሯም ሊቃና ይችላል ተብሏል። እርስዎንም ዶክተሯ «አምጫቸው፣ ጥርስ እንሠራላቸዋለን» ብላ ለማክሰኞ ቀጥራልዎታለች፤ ሰኞ እኔ ጋ አድረው አብረን ጎንደር እንወርዳለን።

አንድ ነገር ቀረኝ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ነበር። ልጆቹ በአረማመድዎ ሳቁና «ማን ነው?» አሉኝ። «ጎረቤታችን ነው» አልኩ። ሰምተዋል። ጃንጥላውን አስጨበጡኝና «አባትሽን ሰላም በዪልኝ» ብለው በዝናቡ ሄዱ። ቤት ስገባ ልብስዎ ከላይ እስከ ታች ርሶ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ይቅርታ ሳልጠይቅዎት ቆየሁ።

አውፍ ይበሉኝ፣ አባዬ። ሰኞ ጠዋት እዚሁ ደባርቅ መናኸሪያው በር ላይ ከዚነት ጋር ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ሰው በሞላበት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከመኪናው ሲወርዱ «አባቴ መጡ!» ብዬ እጮኻለሁ።

ልጅዎ ረህማ
ደባርቅ