በጎን ንፋስ ማረፍ

ጥር 23፣ ጠዋት 2፡10፣ ን/መውጫ

ዛሬም ንፋስ። ያጠብሁትን ሸሚዝ ከገመዱ ነጥቆ ጎረቤት አጥር ላይ ሰቀለው። እየሳቅሁ ሮጬ አመጣሁ። አየሽ ማስታወሻዬ፣ ከተማዋ ንፋስ መውጫ፤ የንፋስ መውጫ ልጅ፣ ረዳት አብራሪዋ፣ በንፋስ ወደቀች! ይኸው ተናዘዝሁ። ያለፈው ሐሙስ፣ አ.አ፣ በሲሙሌተሩ፣ መሬት ላይ በሚበረው ማስመሰያ፣ ፈተና ላይ። ኃይለኛ የጎን ንፋስ። ሁለቴ ለማረፍ ሞከርሁ፤ ሁለቴም ከመንደርደሪያው መሐል ተገፋሁ። አሠልጣኜ ካፒቴን ይርጋ አልተቆጡም። እግርሽ ቸኮለ፣ ብቻ አሉ። ድጋሚ ፈተናው የካቲት 1። ካላለፍሁ ከበረራ እታገዳለሁ። ለቤት ሰው ትንፍሽ አላልሁም።

ጥር 24፣ ከሰዓት 9፡00

ለአባባ ነገርኋቸው። አውድማ ላይ ገብስ እያነፈሱ ነበር። ፊትሽ ምን ሆነ አሉ፤ ሁሉም ከአፌ ወጣ። በመዳፌ አሳየኋቸው። ከጎን ሲነፍስ አውሮፕላኗ ፊት ለፊት አትመጣም። አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ አዙራ፣ ጠመም ብላ ትወርዳለች። መሬት ልትነካ ስትል ብቻ በእግር አፍንጫዋን ከመንገዱ ጋር ማቃናት፤ በእጅ ደግሞ ንፋስ የሚመጣበትን ክንፍ ዝቅ አድርጎ መያዝ። ቀድመው ካቃኗት ንፋሱ ጠርጎ ይወስዳታል። የእኔ ጥፋት እሱ ነው። ጠማማ ሆኜ መሬት መቅረቡ ያስፈራኛል።

አባባ መንሻቸውን ተደግፈው ሰሙ።

«የክረምት ወንዝ ነዋ! ማዶ መልካው ላይ ለመውጣት ፊትሽን ውኃው ወደሚመጣበት፣ ወደ ላይኛው አዙረሽ ነው የምትሻገሪው። ዳር ሳትደርሺ ወደ መልካው ከዞርሽ፣ ወሰደሽ።»

ለዓይናቸው ሕክምና አ.አ በአውሮፕላን እንዲመጡ ለመንሁ። እምቢ። ከጉና ተራራ በላይ ምን አስወጣኝ አሉ።

ጥር 28፣ ንጋት 12፡00

መናኸሪያ። እማዬ ቆሎ አስታቀፈችኝ። አባባ በአውቶቡሱ መስኮት ጠጋ ብለው፦

«ካለፍሽ እሳፈራለሁ። አንቺ በምታበሪው እንጂ በሌላው አይደለም!»

ሳቅሁ። አሁን ፈተናው የሁለታችን ሆነ።

የካቲት 1፣ ከሰዓት 10፡30፣ አ.አ

አለፍሁ!!! አለፍሁ አለፍሁ አለፍሁ። ሦስቴ ወረድሁ፣ ሁለቴ አረፍሁ። አንዱ አላማረኝም፤ ሳልሟገት አቋርጬ ወደ ላይ ተመለስሁ። ካ/ን ይርጋ ከሁሉ ያንን ወደዱት። ደወልሁ። እማዬ እልል አለች። አባባ ስልኩን ተቀበሏትና፣ እንግዲህ ቃል ቃል ነው አሉ።

የካቲት 9፣ ቀን 8፡20፣ አ.አ፣ የበረራ ሠራተኞች ክፍል

አሁን ከባሕር ዳር ገባን። አባባ ሦስተኛ ረድፍ፣ መስኮት ዳር፣ አዲስ ጋቢ። አ.አ ስንቃረብ የመቆጣጠሪያ ማማው ንፋሱን ነገረን። ከግራ፣ ኃይለኛ፣ አንዴ የሚመታ አንዴ የሚተው። ካ/ን ይርጋ መሪውን ልቀበልሽ ወይ አሉኝ። አልሰጥም አልሁ።

ፍጥነት ትንሽ ጨምረን ወረድን። አፍንጫዋ ወደ ግራ፤ መንደርደሪያው በቀኜ ይታየኛል። ንፋሱ በመታን ቁጥር በመሪው አላሳደድሁትም። ጠበቅሁ። አሁንም ጠበቅሁ። አሁን! ቀኝ እግር፣ መሪው ወደ ግራ። ግራ ጎማ ነካ። ቀኙ። አፍንጫው። መሐል መስመሩ ላይ! ፍጥነቷ እስኪበርድ ግራውን ክንፍ ዝቅ አድርጌ እንደያዝሁ ቆየሁ።

አስተናጋጇ እየሳቀች ነገረችኝ። ሰው ሲጮኽ አባባ አጠገባቸው ያለችውን ሴት፣ አይዞሽ፣ ገና አላቃናቻትም፣ ይሉ ነበር አሉ። በሩ ላይ አባባ ግንባሬን ሳሙኝ። ቀጥሎ የካ/ን ይርጋን። አ.አ የሚኖረው ወንድሜ ተቀብሎ ወሰዳቸው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጎንደር እንበራለን። የጎንደሩ ንፋስ ከዚህ ይብሳል። ካ/ን ይርጋ የአየር ሁኔታውን ወረቀት ዘረጉልኝና ማን ያሳርፍ አሉ።

እኔ፣ አልኋቸው።